የጎታው ቤተ መንግሥትና አባ ጎርጎርዮስ

በማዕከላዊ ጀርመን፣ በቱሪንጊያ ግዛት፣ ከኤርፉርት በስተ ምዕራብ የምትገኘው የጎታ ከተማ በስፋቷም ሆነ በሕዝቧ ብዛት ከታላላቆቹ የአውሮፓ ከተሞች ተርታ የምትሰለፍ አይደለችም። በኮረብታዋ ራስ ላይ የተንሰራፋው የፍሪደንሽታይን ቤተ መንግሥት ግን በጀርመን ምድር እስከ ዛሬ ከቆሙት የባሮክ ዘመን መጀመሪያ ሕንጻዎች መካከል እጅግ ግዙፍ ከሚባሉት አንዱ ነው። ባሮክ የሚባለው በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአውሮፓ የሰፈነው የግንባታና የጥበብ ስልት ሲሆን፣ በትልቅነት፣ በተመጣጠነ አሠራርና የገዢውን ክብር ጎላ አድርጎ በማሳየት ይታወቃል። ለኢትዮጵያዊው አንባቢ ግን ይህ ቤተ መንግሥት ከመጠኑና ከአሠራሩ የሚበልጥ ቁም ነገር አለው፤ በአውሮፓ የግዕዝና የአማርኛ ጥናት መሠረት ከተጣለባቸው ቦታዎች ዋነኛው እርሱ ነውና። ለትምህርት ባሕር ተሻግሮ በጀርመን ከተሞች የሚኖር ኢትዮጵያዊ ተማሪ የትርፍ ጊዜውን ጥንታዊ ግንቦችንና አብያተ ክርስቲያናትን በመጎብኘት ማሳለፉ የተለመደ ነው። ሆኖም ጉብኝቱ ግድግዳው መቼ እንደ ታነጸና ማን እንዳሳነጸው በመጠየቅ ብቻ የሚያበቃ ከሆነ የሕንጻው ታሪክ እኩሌታው ሳይነካ ይቀራል፤ በውስጡ ማን እንደ ኖረ፣ ምን እንደ ተሠራበትና ከየት የመጣ እንግዳ እንደ ተቀመጠበት መመርመር ያስፈልጋል። የፍሪደንሽታይን ታሪክ በዚህ መንገድ ሲመረመር በመካከሉ አንድ የቤተ አምሓራ ሊቅ ይገኛል።

በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቤተ መንግሥቱ የቆመበት ኮረብታ ከዚያ በፊት ግሪመንሽታይን የተባለ ጠንካራ ምሽግ ነበረበት። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ የአካባቢው ገዢ የነበሩት መስፍን ዮሐን ፍሪድሪሽ 2ኛ፣ ንጉሠ ነገሥት ማክሲሚልያን 2ኛ ከሕግ ጥበቃ ውጭ ያደረጉትን ቪልሄልም ፎን ግሩምባህ የተባለ ባላባት በምሽጋቸው አስጠግተው አሳልፈው አልሰጥም በማለታቸው ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተጣሉ። የሳክሶኒው ገዢ አውጉስት በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ጎታን ከበቡ፤ በ1567 ከተማይቱ እጅ ስትሰጥ ግሩምባህ በገበያው አደባባይ በጭካኔ ተገደለ፣ መስፍኑም ተማርከው ወደ ኦስትሪያ ተወሰዱና በ1595 እስኪሞቱ ድረስ በእስር ኖሩ። ምሽጉም ድንጋይ በድንጋይ ላይ እንዳይቀር ሆኖ ፈረሰ፤ ኮረብታውም ከሰባ ዓመት በላይ ባዶውን ቀረ።

በ1640 የቤተሰቡ ርስት ሲከፋፈል ጎታ የደረሰቻቸው ኧርንስት 1ኛ ነበሩ፤ ሃይማኖተኛ በመሆናቸው ሕዝቡ «ጻድቁ ኧርንስት» የሚል ስም ሰጥቷቸዋል። ግዛቱ በእጃቸው ሲገባ መቀመጫ የሚሆን ቤተ መንግሥት ስላልነበረው በ1643 በፈረሰው ምሽግ ቦታ ላይ የአዲሱን ሕንጻ መሠረት አስጣሉ። ጊዜው በካቶሊኮችና በፕሮቴስታንቶች መካከል በ1618 የተነሣው የሠላሳው ዓመት ጦርነት ገና ያልበረደበት ስለ ነበር፣ በተራበና በተዘረፈ አገር ላይ ይህን የሚያህል ግንባታ መጀመር ቀላል ውሳኔ አልነበረም። ስያሜው ራሱ የመስፍኑን ሐሳብ ያሳያል፤ የቀድሞው ምሽግ ስም ቁጣን የሚያሳስብ ሲሆን አዲሱ ግን የሰላም ድንጋይ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ከጎንደር ጋር ያለውን የዘመን መገጣጠም ሳያነሡ ማለፍ አይገባም። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት የመንግሥት ሃይማኖት በማድረጋቸው የተቀሰቀሰው እርስ በርስ መተላለቅ ኢትዮጵያን ካደማ በኋላ፣ በ1632 ልጃቸው ዐፄ ፋሲለደስ ነግሠው የቀደመውን ሃይማኖት መለሱ፤ በ1636ም ጎንደርን ቆረቆሩ። ኧርንስት የጎታን መሠረት ያስጣሉት ከዚህ ሰባት ዓመት በኋላ ነው። አንዱ ስለ ሌላው ሕንጻ ምንም ሳይሰሙ፣ ሁለት ገዢዎች በአንድ ትውልድ ውስጥ፣ በሃይማኖት ጦርነት ከተጎዳ አገር ላይ ተነሥተው፣ የተበታተነ አስተዳደራቸውን በአንድ ቦታ የሚሰበስብ የድንጋይ መቀመጫ ሠሩ። ቀደም ብሎ የኢትዮጵያ ነገሥታት መቀመጫ በአብዛኛው ተንቀሳቃሽ ከተማ፣ ማለትም የድንኳን ሰፈር እንደ ነበረ ሲታሰብ፣ የጎንደር ግንብ በአገሩ ታሪክ ያመጣው ለውጥ ከጎታው የሚያንስ አይደለም፤ እንዲያውም ይበልጣል።

የፍሪደንሽታይን አሠራር ለመረዳት አስቸጋሪ አይደለም። በሰሜን በኩል ረጅሙ ዋና ሕንጻ ይገኛል፤ ከእርሱም ሁለት ክንፎች ወደ ደቡብ ተዘርግተው ሰፊውን ግቢ በግራና በቀኝ ያቅፉታል፤ እያንዳንዱ ክንፍ ጫፉ ላይ በወፍራም አራት ማዕዘን ማማ ይዘጋል። የምሥራቁ ማማ በእሳት ተቃጥሎ እንደገና ስለ ተሠራ ክብ ጉልላት ሲኖረው የምዕራቡ ግን የቀድሞ ዓይነት ጣሪያውን እንደ ያዘ ነው፤ ስለዚህ ከሩቅ የሚያይ ሰው ሁለቱ ማማዎች የማይመሳሰሉበትን ምክንያት ሳይጠይቅ አያልፍም። መስፍኑ በዚህ አንድ ጣሪያ ሥር የቤተሰባቸውን መኖሪያ፣ ቤተ ክርስቲያናቸውን፣ ጽሕፈት ቤቶቻቸውን፣ የገንዘብ ማተሚያውን፣ መዝገብ ቤቱን፣ ቤተ መጻሕፍቱንና በጀርመንኛ ኩንስትካመር የሚባለውን፣ ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰቡ ብርቅ ነገሮች የሚቀመጡበትን ግምጃ ቤት አኖሩ። ውጫዊው ግድግዳ ጌጥ አልበዛበትም፤ ከጦርነት የወጣ አገር ገንዘብ የሚፈቅደው ያን ያህል ብቻ ነበርና። ጌጥ ከተደረገባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ዋናው በር ነው። በ1650 በበሩ ላይ የተቀረጸው ምስል ሰላምንና ጽድቅን እንደ ሁለት ሴቶች አድርጎ ሲሳሳሙ ያሳያል፤ ሐሳቡ ከመዝሙረ ዳዊት የተወሰደ ሲሆን፣ ከእርሱ ጋር ያለው ጽሑፍ ደግሞ ሰላም እንደሚመግብ፣ ጠብ ግን እንደሚያጠፋ ይናገራል። ሠላሳ ዓመት የተዋጋ ሕዝብ ይህን በደጁ ላይ ሲያነብ እንደ ጌጥ ብቻ አይቶት እንደማያልፍ ግልጽ ነው።

ኧርንስት ከድንጋይ ሥራው ጎን ለጎን ሌላ ሥራም ይሠሩ ነበር። በ1642 መምህሩ አንድሬያስ ራየር ያዘጋጀውን የትምህርት ደንብ አውጥተው የገበሬው ልጅ ሁሉ፣ ወንድም ሴትም ሳይለይ፣ ትምህርት ቤት እንዲገባ አዘዙ፤ ከንባብና ከጽሕፈት ሌላ ሒሳብና የተፈጥሮ እውቀት እንዲማርም አደረጉ። ለትምህርት እንዲህ የተጉ ገዢ፣ ከሩቅ አገር የመጣ ሊቅ መኖሩን ሲሰሙ ወደ ግቢያቸው ለመጥራት አለማመንታታቸው የሚያስደንቅ አይደለም።

እኚያ ሊቅ፣ አባ ጎርጎርዮስ፣ የነበሩት በሮም ነው። በቫቲካን፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ፣ በጣልያንኛ ሳንቶ ስቴፋኖ ዴሊ አቢሲኒ፣ ማለትም የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ፤ በዛሬዋ ቫቲካን ከቆሙት አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ ጥንታዊው እርሱ ነው። በእምነ በረድ በሩ ላይ ያለው፣ መስቀል የያዘው የበግ ቅርጽ የ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። ከ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ቤተ ክርስቲያኑና በአጠገቡ ያለው ቤት ለኢትዮጵያውያን ተሳላሚዎችና መነኮሳት ማረፊያ ስለ ሆነ፣ ቦታው እንግዳ መቀበያም ትምህርት ቤትም ሆኖ አገልግሏል። የኮሎኙ ዮሐንስ ፖትከን በሮም የኢትዮጵያውያንን ዜማ ሰምቶ፣ ቋንቋቸውንም ተምሮ፣ በ1513 ዳዊትን በግዕዝ ፊደል አሳተመ፤ በግዕዝ የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ይህ ነው። ከዚያም አባ ተስፋ ጽዮን ከባልንጀሮቻቸው ጋር ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ አዘጋጅተው በ1548 እና በ1549 አሳተሙ፤ የመቃብራቸው ድንጋይ ዛሬም በዚያው ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። ቅዱስ እስጢፋኖስ በእውነቱ ኢትዮጵያውያን በአውሮፓ የተማሩበትና ያስተማሩበት የመጀመሪያው ቤት ሊባል ይገባዋል፤ በ1919 በቫቲካን የተመሠረተው የኢትዮጵያ ኮሌጅም የዚሁ ቤት ወራሽ ነው።

አባ ጎርጎርዮስ የተወለዱት በቤተ አምሓራ፣ በመካነ ሥላሴ ነው። ይህ ስም ለኢትዮጵያ የኪነ ሕንጻ ታሪክ ተመራማሪ ከባድ ትዝታ አለው። በዐፄ ናዖድ ተጀምሮ በዐፄ ልብነ ድንግል የተፈጸመው የመካነ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን፣ በወርቅ ያጌጠ በመሆኑ ወራሪዎቹን ራሳቸውን ያስደነቀ ሕንጻ ሲሆን፣ በ1531 በኢማም አሕመድ ሠራዊት ተቃጠለ። አባ ጎርጎርዮስ እንግዲህ ያደጉት የአንድ ታላቅ ሕንጻ ውድመት በሚነገርበት አገር ነው። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የካቶሊክን እምነት ተቀብለው ከኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን ጋር ስለ ወገኑ፣ ዐፄ ፋሲለደስ ሚሲዮናውያኑን ሲያባርሩ እርሳቸውም አገራቸውን ለቀቁ፤ ከረጅም የስደት ጉዞ በኋላም ሮም ደርሰው በቅዱስ እስጢፋኖስ ተቀመጡ።

በ1649 ሂዮብ ሉዶልፍ የተባሉ የ25 ዓመት ጀርመናዊ ወደዚያ ቤት መጡ። ሉዶልፍ የኤርፉርት ተወላጅ ሲሆኑ፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ ብዙ ቋንቋ የማወቅ ፍቅር ያደረባቸውና ግዕዝን ከመጻሕፍት ብቻ ለመማር የታገሉ ሰው ነበሩ። ወደ ሮም የተላኩት ለስዊድን ንግሥት ክርስቲና የሚፈለጉ ሰነዶችን ለማፈላለግ ነበር፤ በዚያ ያገኙት ግን ከሰነዶቹ ሁሉ የበለጠ ሆነ። በቤቱ ከነበሩት አራት ኢትዮጵያውያን መካከል በእውቀታቸው የላቁት አባ ጎርጎርዮስ ነበሩና፣ በሁለቱ መካከል እስከ ሞት የዘለቀ ወዳጅነት ተጀመረ። ሁለቱ የተጻጻፉት በግዕዝ ነው፤ ደብዳቤዎቻቸው ተጠብቀው ቆይተው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ታትመዋል።

ሉዶልፍ በ1652 በጎታ መስፍን አገልግሎት ሲገቡ ስለ ወዳጃቸው ለመስፍኑ ነገሯቸው፤ ኧርንስትም አባ ጎርጎርዮስን ከሮም አስጠሩ። አባ ጎርጎርዮስ የአልፕስን ተራሮች አቋርጠው በዚያው ዓመት በጋ ጎታ ሲደርሱ የቤተ መንግሥቱ ሥራ ገና አልተጠናቀቀም ነበር፤ በሩ ላይ ያለው የሰላምና የጽድቅ ምስል ከተቀረጸ ግን ሁለት ዓመት ሆኖታል። ዳዊትን በቃሉ የማያውቅ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ተማሪ የለምና፣ በዚያ በር ሲገቡ የምስሉ ትርጉም ከማንም ጀርመናዊ ባልተናነሰ ለእርሳቸው የተገለጠ መሆን አለበት።

መስፍኑና የቤተ ክህነት ሰዎቻቸው እንግዳውን የጠሩት ለቋንቋ ብቻ አልነበረም። ለሮም የማትገዛ፣ ከሐዋርያት ዘመን የወረደ ሥርዓት የጠበቀች ጥንታዊት ቤተ ክርስቲያን በአፍሪካ መኖሯ ለሉተራውያን ትልቅ ጉዳይ ስለ ነበር፣ ስለ ሥላሴ፣ ስለ ክርስቶስ ባሕርይ፣ ስለ ጥምቀት፣ ስለ ቁርባንና ስለ ጾም ብዙ ጥያቄ አቀረቡላቸው፤ የሰጡት መልስም ተጽፎ ቆይቶ በኋላ ታትሟል። ራሳቸው ካቶሊክ ሆነው ሳለ ስለ አገራቸው ቤተ ክርስቲያን እምነት ለፕሮቴስታንቶች የማስረዳት ሸክም የወደቀባቸው መሆኑ፣ የእኚህን ሊቅ የጎታ ቆይታ በሚመዝን ሰው ዘንድ ሊዘነጋ አይገባም። ሉዶልፍ በበኩላቸው ስለ አገሩ መልክዓ ምድር፣ ስለ ወንዞቹ፣ ስለ አራዊቱና ስለ አዝርዕቱ፣ ስለ ነገሥታቱና ስለ ሕዝቡ ልማድ አንድ በአንድ ጠየቁ፤ የግዕዝ ንባባቸውን አስተካከሉ፤ ከሁሉም በላይ እስከዚያ ጊዜ በአውሮፓ መጽሐፍ ያልነበረውን የአማርኛን ቋንቋ ከሊቁ አፍ ሰምተው መዘገቡ።

ይህ ቆይታ ከጥቂት ወራት አላለፈም፤ ፍሬው ግን ከግማሽ መቶ ዓመት በላይ ሲሰበሰብ ቆየ። የሉዶልፍ የግዕዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በ1661 ለንደን ላይ ታተመ። በ1681 በፍራንክፈርት የወጣው የኢትዮጵያ ታሪክ ወዲያው ወደ እንግሊዝኛ፣ ወደ ደችና ወደ ፈረንሳይኛ ተተርጉሞ ለረጅም ጊዜ አውሮፓ ስለ ኢትዮጵያ የምታውቀው ነገር ዋና ምንጭ ሆነ። በ1691 የዚሁን ታሪክ ሰፊ ሐተታ፣ በ1698 ደግሞ የአማርኛ ሰዋስውና የአማርኛ መዝገበ ቃላት አስከተሉ፤ አማርኛ በሰዋስው መልክ ተጠንቶ ሲታተም ያ የመጀመሪያው ነው። ሉዶልፍ ምስጋና የሚነፍጉ ሰው አልነበሩም፤ ምንጫቸው አባ ጎርጎርዮስ መሆናቸውን በታሪካቸው ውስጥ ደጋግመው ይናገራሉ። በኋላ የመጡ ጸሐፊዎች ግን ሉዶልፍን የኢትዮጵያ ጥናት አባት እያሉ ብቻቸውን ማወደሱን ስለ መረጡ፣ መምህራቸው በኅዳግ ማስታወሻ ውስጥ ቀሩ። ይህ ፍርድ መታረም ያለበት ነው፤ ሥራው የሁለት ሰዎች ነበርና።

አባ ጎርጎርዮስ ከጎታ ተመልሰው ለጥቂት ዓመታት በአውሮፓ ከኖሩ በኋላ ወደ አገራቸው ለመግባት ተነሡ፤ ነገር ግን በ1658 በሶርያ ጠረፍ፣ በእስክንድሩን አካባቢ መርከባቸው ተሰብሮ ሰጥመው ሞቱ። መስፍን ኧርንስት ግን ከኢትዮጵያ ጋር የመገናኘት ሐሳባቸውን አልተዉም። የሉዶልፍ ደቀ መዝሙር የነበረውን፣ የለንደኑንም ኅትመት የተቆጣጠረውን ዮሐን ሚካኤል ቫንስሌብን በ1663 ወደ ኢትዮጵያ ላኩት፤ እርሱ ግን ከግብፅ አላለፈም፤ ይባስ ብሎም ወደ ሮም ሄዶ ካቶሊክ ሆነ። ለሉተራዊው መስፍን ከዚህ የከፋ ውጤት አይታሰብም።

ቤተ መንግሥቱ ራሱ ከኧርንስት በኋላ ብዙ ለውጥ አይቷል። ዙሪያውን የከበበው ምሽግና ከሥሩ የተቆፈሩት፣ ካዝማት የሚባሉት የምድር ውስጥ መተላለፊያዎች በእርሳቸው ዘመን የተሠሩ ናቸው፤ ምሽጉ በኋላ ሲፈርስ መተላለፊያዎቹ ከፊላቸው ቀርተዋል። በምዕራቡ ማማ ውስጥ በ1680ዎቹ የተሠራው ቲያትር ግን ለብቻው ሊተኮርበት የሚገባ ነው። ዛሬ በተዋናዩ ኮንራድ ኤክሆፍ ስም ይጠራል፤ ኤክሆፍ በ1775 በዚህ ቤት ቋሚ የተዋንያን ጓድ የያዘ ቲያትር እንዲቋቋም ያደረገ ሰው ነው። ከመድረኩ ወለል በታች በእንጨት የተሠራ የመሣሪያ ክፍል አለ፤ በመድረኩ ግራና ቀኝ የቆሙት ሥዕል የተቀባባቸው ሰሌዳዎች በወለሉ ስንጥቆች ውስጥ አልፈው ከታች ባሉ ጋሪዎች ላይ ተተክለዋል፤ ጋሪዎቹም ሁሉ በገመድ ከአንድ አግዳሚ ግንድ ጋር ተያይዘዋል። ሠራተኞቹ ግንዱን ሲያሽከረክሩት አንዱ ረድፍ ወደ ውስጥ ሲገባ ሌላው ይወጣል፤ በዚህም መጋረጃ ሳይዘጋ፣ በተመልካቹ ዓይን ፊት፣ ጫካ የነበረው መድረክ አዳራሽ ይሆናል። ይህ መሣሪያ ዛሬም ይሠራል፤ የ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አናጢ የደረሰበትን የእጅ ጥበብ ለመረዳት ለሚሻ ተማሪ ከብዙ መጻሕፍት የተሻለ አስተማሪ ነው።

የጎታና የኢትዮጵያ ግንኙነት በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደገና ታደሰ። የቀድሞው የመሳፍንት ዘር በ1825 ተቋርጦ ግዛቱ ከኮቡርግ ጋር ከተዋሐደ በኋላ፣ የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ባል የአልበርት ወንድም የሆኑት መስፍን ኧርንስት 2ኛ በ1862 ወደ ምፅዋ ተሻግረው የሐባብን፣ የመንሳንና የቦጎስን አገር ጎበኙ፤ የእንስሳት ተመራማሪው አልፍሬድ ብሬም አብሯቸው ነበር። በዚያው ጊዜ በከተማይቱ የነበረው የዩስቱስ ፔርተስ የካርታ ማተሚያ ቤት በአውሮፓ ስለ አፍሪካ የሚደርሰው አዲስ መረጃ ሁሉ የሚሰበሰብበት ቦታ ሆኖ ነበር። በካርታ ሊቁ አውጉስት ፔተርማን አነሣሽነት የተላከው የቴዎዶር ፎን ሆይግሊን ጓድ የጠፋውን አሳሽ ኤድዋርድ ፎገልን ለመፈለግ በ1861 ተነሥቶ ሳለ፣ ሆይግሊን መንገዱን ወደ ኢትዮጵያ መልሶ ከዐፄ ቴዎድሮስ ጋር ተገናኘ፤ ከተሰጠው ትእዛዝ በመውጣቱም መሪነቱን ተነጥቆ ለቬርነር ሙንዚንገር ተሰጠ። ይኸው ሙንዚንገር በኋላ በግብፅ አገልግሎት ገብቶ በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ በክፉ የሚነሣው ሰው ነው።

ዛሬ የምሥራቁ ክንፍ ኧርንስት 1ኛ የመሠረቱትን ቤተ መጻሕፍት እንደ ያዘ ነው። ከመጻሕፍቱ ብዙዎቹ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወደ ሶቪየት ኅብረት ተወስደው ነበር፤ በ1950ዎቹ አብዛኛዎቹ ተመልሰዋል። ቤተ መጻሕፍቱ አሁን የኤርፉርት ዩኒቨርሲቲ አካል ሲሆን፣ ኡልሪሽ ያስፐር ዜትሰን የተባለው ተጓዥ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከምሥራቅ አገሮች ገዝቶ የላካቸውን ጨምሮ 3,500 ያህል የምሥራቅ ቋንቋዎች የእጅ ጽሑፎች አሉት፤ ከእነዚህ የሚበዙት በዐረብኛ የተጻፉ ናቸው። በኤርፉርት ወይም በአቅራቢያዋ የሚማር ኢትዮጵያዊ በባቡር ጥቂት ተጉዞ ጎታ ሲደርስ ጉብኝቱን ከሙዚየሙና ከቲያትሩ ሊጀምር ይችላል፤ ጊዜ ካለው ግን የንባብ ክፍሉን ማስቀደም ይጠቅመዋል፤ በሉዶልፍ መዝገበ ቃላት ገጾች ላይ ያለው፣ ከአባ ጎርጎርዮስ የተሰማው አማርኛ ከዛሬው ጋር ሲነጻጸር፣ ቋንቋው በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረውን ቅርጽና ከዚያ ወዲህ የለወጠውን ለይቶ ለማወቅ ያስችላልና።